የትልቅ ማኅበር የጨዋታ መርሐ ግብር፤ የአሜሪካ ኮሌጆች እግር ኳስና የፍትሐዊነት ጥያቄ

በአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ታሪክ ውስጥ ከመማሪያ ክፍልና ከቤተ ሙከራ ውጭ የሕዝብን ዓይን እንደ ኮሌጆች እግር ኳስ የሳበ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህ እግር ኳስ እኛ በዚህ ስም የምናውቀው ጨዋታ አይደለም፤ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ግጭት የበዛበትና ከአካል ድካሙ የተነሣ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ የማይጫወቱት ጨዋታ ነው። ስለ ጨዋታው ደንብና ስለሚያስገባው ገንዘብ ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን እምብዛም ያልተነገረለትን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ብዙ ኮሌጆችን ያቀፈ አንድ የስፖርት ማኅበር (ኮንፈረንስ) ማን ከማን ጋር፣ መቼና በማን ሜዳ እንደሚጫወት የሚወስንበት መርሐ ግብር እንዴት እየተቀረጸ እንደመጣና በምን መስፈርት ፍትሐዊ ሊባል እንደሚችል ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ለትምህርት ጥናት ባዕድ አይደለም። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ተማሪ ደግሞ በኮሌጅ የሚቆየው በተለምዶ 4 ዓመት ነው። በደመወዝ የሚጫወት ቡድን ዘንድሮ ያላገኘውን ተጋጣሚ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ ቢያገኝ ብዙ አይጎዳም፤ ቡድኑ ያው ቡድን ነው። የኮሌጅ ተማሪ ግን ተመርቆ ከሄደ በኋላ የሚመጣለት ተራ ለእርሱ ተራ አይደለም። ስለዚህ የኮሌጆች መርሐ ግብር ፍትሐዊነት በዋንጫው ብቻ ሳይሆን በተማሪው 4 ዓመት መለካት ይኖርበታል የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው። ታሪኩን በዚህ መስፈሪያ ስንመለከተው ማኅበራቱ እየሰፉ በሄዱ ቁጥር ምን እንዳጡ በግልጽ ይታያል።

በኮሌጆች መካከል የመጀመሪያው ጨዋታ ተብሎ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1869 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኒው ብራንስዊክ ከተማ ራትገርስ ፕሪንስተንን 6 ለ 4 ያሸነፈበት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መርሐ ግብር የሚባል የጋራ ነገር አልነበረም፤ ጨዋታ የሚደረገው ሁለት ኮሌጆች በተስማሙ ጊዜ ነበር። በጥር ወር 1895 በፐርዱ ዩኒቨርስቲ ፕሬዚደንት በጄምስ ስማርት ጥሪ የሰባት ዩኒቨርስቲዎች መሪዎች በቺካጎ ተሰበሰቡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከየተቋሙ የተወከሉ መምህራን የመሠረቱት ማኅበር ሥራውን ጀመረ። ኢንዲያናና አዮዋ በ1899፣ ኦሃዮ ስቴት በ1912 ተጨመሩ። በኋላ ቢግ ቴን፣ ማለትም «ታላላቆቹ አሥር» ተብሎ የታወቀው ማኅበር ይህ ነው።

የእነዚያ መምህራን ዋና ሐሳብ መርሐ ግብር አልነበረም። ያሳሰባቸው ተጫዋቹ በእውነት የተመዘገበ ተማሪ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር። ማን ከማን ጋር ይጫወት የሚለው ለየኮሌጁ ፈቃድ ተተወ። ከዚህም የተነሣ በአንድ ማኅበር ውስጥ አንዱ ሦስት፣ ሌላው አምስት ወይም ስድስት ጨዋታ አድርጎ በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይደረደሩ ነበር። ብርቱውን ጎረቤት ሸሽቶ ደካማውን መፈለግ ደንብ የማይከለክለው ብልሃት ሆነ።

የሒሳብ ሊቃውንት ለዚህ ችግር መፍትሔውን ቀደም ብለው አግኝተውት ነበር ማለት ይቻላል። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንዳንድ ጊዜ የሚገናኝበትን ዙር የመደልደያ ስልት ብዙዎች የሚያያይዙት ቶማስ ኪርክማን የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ በ1847 ካሳተሙት ጽሑፍ ጋር ነው። (እኚሁ ቄስ 15 ልጃገረዶች ሦስት ሦስት ሆነው ለሰባት ቀን ሲሄዱ ማንኛዋም ከሌላዋ ጋር ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን እንዳትሰለፍ አድርጉ በሚለው እንቆቅልሻቸው ይበልጥ ይታወቃሉ።) ስልቱን ማንኛውም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠራው ይችላል። ስድስት ቡድኖች ቢኖሩ ሀ፣ ለ፣ ሐ በላይ፣ ረ፣ ሠ፣ መ ደግሞ በትይዩ ከታች ይጻፋሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሀ ከረ፣ ለ ከሠ፣ ሐ ከመ ይጫወታሉ። ከዚያ ሀ በቦታው እንደቆመ ሌሎቹ አምስቱ በክብ አንድ አንድ ቦታ ይዛወራሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሀ ከሠ፣ ረ ከመ፣ ለ ከሐ ይደርሳቸዋል። በአምስት ሳምንት 15 ጨዋታ ይደረግና ማንም ማንንም ሳይዘል ዙሩ ያልቃል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ በየሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፋል።

የሜዳ ተራ ግን በዚህ አይፈታም። ሁሉም ቡድን አንድ ሳምንት በሜዳው፣ አንድ ሳምንት ከሜዳው ውጭ እየተፈራረቀ እንዲጫወት መመኘት ተገቢ ቢሆንም ሊፈጸም የማይችል ነው። ምክንያቱን ስዊሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዶሚኒክ ደ ዌራ በ1980 ገደማ ባወጧቸው ጽሑፎች አስረድተዋል። ሁለት ቡድኖች ሁልጊዜ በአንድ ቀን አስተናጋጅ፣ በአንድ ቀን እንግዳ የሚሆኑ ከሆነ እርስ በርስ ሊገናኙ አይችሉም፤ ሲገናኙ አንዱ አስተናጋጅ፣ ሌላው እንግዳ መሆን አለበትና። ሳይዛነፍ የሚፈራረቅ ተራ ደግሞ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ በሜዳ የሚጀምርና በእንግድነት የሚጀምር። በመሆኑም ፍጹም ፈረቃ የሚያገኙት ቢበዛ ሁለት ቡድኖች ናቸው። 10 ቡድኖች ካሉ ስምንቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በተከታታይ ሁለት ሳምንት በሜዳቸው ወይም ሁለት ሳምንት ከሜዳቸው ውጭ መጫወት ግድ ይሆንባቸዋል። የመርሐ ግብር ነዳፊ የሚወቀስበት ብዙው ነገር የእርሱ ጥፋት ሳይሆን የቁጥሩ ጠባይ መሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

ማኅበሩ ትልቅ ሲሆን ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በ1921 የተመሠረተው የደቡብ ማኅበር በ1920ዎቹ መጨረሻ 23 አባላት ነበሩት። 23 ቡድኖች ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲጫወቱ 253 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱም 22 ጨዋታ ማለት ነው። ጨዋታው ከመስከረም እስከ ኅዳር በሳምንት አንዴ ብቻ የሚደረግ ስለሆነ ይህ ፈጽሞ የማይታሰብ ነበር። ገና በ1922 ቫንደርቢልት፣ ጆርጂያ ቴክና ሰሜን ካሮላይና ሦስቱም በማኅበሩ ውስጥ ሳይሸነፉ ጨረሱ፤ ያደረጓቸውም ጨዋታዎች ብዛት እኩል አልነበረም። ከሦስቱ የትኛው እንደሚበልጥ ሠንጠረዡ ሊናገር አልቻለም። በታኅሣሥ 1932 አሥራ ሦስት አባላት ተለይተው የደቡብ ምሥራቅን ማኅበር መሠረቱ። የመለያየቱ ዋና ምክንያት የቦታ ርቀት ቢሆንም የማኅበሩ ከመጠን በላይ መስፋት አብሮት የሚነሣ ነው።

አሥር አባላት ብቻ የነበሩት ቢግ ቴን እንኳ ሙሉ ዙር የመጫወት ልማድ አልነበረውም። በ1983 እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኙንም ተጋጣሚዎች ሲገጥም ኢሊኖይ ዘጠኙንም አሸነፈ። አሥር አባላት በነበሩበት ዘመን ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌሎቹን በሙሉ ያሸነፈ ቡድን እርሱ ብቻ ነው። ያን ዓመት ስለ ሻምፒዮኑ የሚከራከር ሰው ሊኖር አይችልም ነበር። ዕድሉም ብዙ አልቆየም። ፔን ስቴት በ1990 አባልነት ተፈቅዶለት በ1993 በእግር ኳሱ ሲገባ አባላቱ 11 ሆኑ፤ የማኅበሩ ጨዋታ ግን ለእያንዳንዱ ስምንት ነበር። ይህ ማለት በየዓመቱ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት አባላትን አያገኝም፤ ከ55 ጥንዶች 11ዱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። በ2002 የሚፈራው ደረሰ። ኦሃዮ ስቴትና አዮዋ ሁለቱም ስምንቱንም ጨዋታ አሸነፉ፤ እርስ በርስ ግን አልተገናኙም። ሻምፒዮንነቱን ተካፈሉ፤ ኦሃዮ ስቴት ለአገር አቀፉ ፍጻሜ ሄዶ አሸነፈ። የአዮዋ ተማሪዎች ከኦሃዮ ስቴት ያነሱ መሆናቸው በሜዳ ሳይታይ ዓመቱ አለቀ።

ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት መድኃኒት ተብሎ የቀረበው በምድብ መከፋፈል ነበር። የደቡብ ምሥራቁ ማኅበር በ1992 አባላቱን 12 አድርሶ በሁለት ምድብ ከፈላቸው፤ የሁለቱም ምድብ መሪዎች በታኅሣሥ ወር በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ ተገናኝተው አላባማ ፍሎሪዳን 28 ለ 21 አሸነፈ። ምድብ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ በአንድ ምድብ ያሉት ሁሉ እርስ በርስ ስለሚጫወቱ ቢያንስ የምድቡ መሪ በሐቅ ይታወቃል። ክፉ ጠባዩ ደግሞ በሁለቱ ምድቦች መካከል ግድግዳ ማቆሙ ነው።

ግድግዳውን ለማንሣት ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ትምህርት ሰጭው የምዕራቡ ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር በ1996 አባላቱን ከ10 ወደ 16 አሳደገ፤ ከሃዋይ እስከ ኦክላሆማ ያለውን አገር የሚሸፍን፣ ከሆኖሉሉ እስከ ተልሳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ሆነ። ነዳፊዎቹ 16ቱን በአራት አራት ከፍለው አራት ቡድን-ሠራሽ ክፍሎች አዋቀሩ። አንደኛው ክፍል ሁልጊዜ በፓሲፊክ ምድብ፣ አራተኛው ሁልጊዜ በተራራው ምድብ እንዲቆዩ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በየሁለት ዓመቱ ቦታ እንዲለዋወጡ ተወሰነ። በወረቀት ላይ ሲታይ የተዋበ ሥራ ነበር።

አንባቢ በጥንቃቄ ቢመለከተው ግን ስንጥቁን ያገኘዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል የሚለዋወጡት እርስ በርሳቸው ስለሆነ አንዱ በፓሲፊክ ሲሆን ሌላው በተራራው ነው፤ ሁለቱ በአንድ ምድብ የሚውሉበት ዓመት ለዘለዓለም አይመጣም። በሁለተኛው ክፍል ዋዮሚንግ፣ ኮሎራዶ ስቴትና የአየር ኃይል አካዳሚ ነበሩ፤ በሦስተኛው ብሪገም ያንግና ዩታ ነበሩ። እነዚህ ማኅበሩን ለረጅም ዘመን የያዙት፣ ተማሪዎቻቸውና ምሩቃኖቻቸው እርስ በርስ የሚጠባበቁ የጥንት ተቀናቃኞች ናቸው። ከስምንቱ የማኅበር ጨዋታ ሰባቱ በምድብ ውስጥ ስለሚያልቁ ለጥንቱ ግንኙነት የተረፈው አንድ ቦታ ብቻ ሆነ። አዲስ የመጡትን ከነባሮቹ ጋር ለማስተዋወቅ የተነደፈው ክብ ነባሮቹን እርስ በርስ አራራቃቸው። በ1998 ስምንት አባላት ለመውጣት ወሰኑ፤ በ1999 የተራራው ምዕራብ ማኅበር የሚባለውን መሠረቱ። የጉዞ ወጭና የገንዘብ ክፍፍልም ምክንያት እንደነበሩ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ከላይ ስማቸው የተጠራው አምስቱም ተቋሞች ከወጡት መካከል መገኘታቸው በአጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የደቡብ ምሥራቁ ማኅበር በ2012 ሚዙሪንና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን ጨምሮ 14 ሲሆን ሌላ ዓይነት ስንጥቅ ታየ። ከስምንቱ ጨዋታ ስድስቱ በምድብ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ምድብ ከተመደበ ቋሚ ተጋጣሚ ጋር፣ አንዱ ብቻ በተራ ከሚመጣ ቡድን ጋር ሆነ። ቋሚ ተጋጣሚ የተፈለገው በተለይ ከ1892 ጀምሮ የነበረውን የኦበርንና የጆርጂያን፣ ከ1901 ጀምሮ የነበረውንም የአላባማንና የቴኔሲን ግጥሚያ ለማዳን ነው። ነገር ግን ለሁለቱ ጥንዶች ሲባል 14ቱም ቋሚ ተጋጣሚ እንዲይዙ ተደረገ። ዋጋውን እናስላ። ቋሚ ባይኖር ኖሮ ከሌላው ምድብ ሰባት ቡድኖች በየዓመቱ ሁለት ሁለት እያሉ በሦስት ዓመት ተኩል፣ ማለትም በአንድ ተማሪ ዘመን ውስጥ ያልቁ ነበር። ቋሚው ሲገባ ግን የቀሩት ስድስቱ አንድ አንድ እያሉ ስድስት ዓመት ይፈጃሉ፤ በሜዳም ከሜዳ ውጭም ለመገናኘት 12 ዓመት ያስፈልጋል። ጆርጂያና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በአንድ ማኅበር ውስጥ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በ2019 ነው፤ ምድቡ እስከቀረበት እስከ 2023 ድረስም ጆርጂያ ለማኅበሩ ጨዋታ ወደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ሜዳ አልሄደም። በ2012 የገቡ ተማሪዎች ተመርቀው፣ ተከታዮቻቸውም ተመርቀው ሄደዋል። ከዚህም ሌላ ሉዊዚያና ስቴት ቋሚ ተጋጣሚው ፍሎሪዳ መሆኑ ከሌሎቹ የከበደ ሸክም ነው ሲል በግልጽ አቤቱታ አሰምቷል፤ አቤቱታውም ከባዶ የተነሣ አልነበረም።

በዚህ መካከል ኮምፒዩተር ሥራውን መጋራት ጀመረ። ጆርጅ ኔምሀውዘርና ማይክል ትሪክ የተባሉ ፕሮፌሰሮች ዘጠኝ ዩኒቨርስቲዎች ለነበሩበት ለአትላንቲክ ጠረፍ ማኅበር የ1997–98ን የቅርጫት ኳስ መርሐ ግብር ነድፈው አሠራራቸውን በ1998 አሳትመዋል። ሥራውን በሦስት ደረጃ ከፈሉት፤ በመጀመሪያ የሜዳና የእንግድነት ተራዎችን ማውጣት፣ ቀጥሎ ጨዋታዎቹን በተራዎቹ ላይ መደልደል፣ በመጨረሻ የትኛው ዩኒቨርስቲ የትኛውን ተራ እንደሚይዝ መወሰን። የዱክና የሰሜን ካሮላይና ግጥሚያ በመጨረሻው ቀን ይሁን የሚለው የባለጉዳዮቹ ፍላጎት ሳይቀር በስሌቱ ገባ። ዘዴው ብዙ አማራጮችን በአጭር ጊዜ ለማኅበሩ ማቅረብ ያስችላል። ከአማራጮቹ የትኛው እንደሚሻል ግን የሚወስኑት ሰዎች ናቸው፤ መኪናው የተሰጠውን መስፈርት ከመፈጸም አልፎ መስፈርት አያወጣም።

አሁን ወደ ቢግ ቴን እንመለስ። ማኅበሩ ነብራስካን በ2011፣ ሜሪላንድንና ራትገርስን በ2014 ጨምሮ በምድብ ሲጫወት ከቆየ በኋላ በ2024 አራት የፓሲፊክ ዳርቻ ዩኒቨርስቲዎችን ተቀብሎ 18 ሆነ፤ ምድቡንም ተወ። ለእያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ የማኅበር ጨዋታ ተመደበ። ከ153 ጥንዶች በዓመት የሚገናኙት 81 ናቸው፤ 72 ጥንዶች አይገናኙም። አዲሱ እቅድ እንደ ደቡብ ምሥራቁ ለሁሉም እኩል ቋሚ ተጋጣሚ ከማደል ይልቅ የሚፈለገውን ብቻ ጠበቀ፤ 12 ጥንዶች በየዓመቱ እንዲገናኙ ተወሰነ። አዮዋ ሦስት ቋሚ ተጋጣሚ አለው፤ ሚኒሶታ፣ ነብራስካና ዊስኮንሲን። ሚሽጋን ሁለት አለው። ፔን ስቴት አንድም የለው። ሌሎቹ ሁሉ እርስ በርስ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንድ በሜዳ፣ አንድ ከሜዳ ውጭ እንዲገናኙ ተደነገገ።

ስለምን አምስት ዓመት ሆነ? አራት ለምን አልሆነም? መልሱ በቀላል ስሌት ይገኛል። ቋሚ ያልሆኑት ጥንዶች 141 ናቸው፤ ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲገናኙ 282 ጨዋታ ያስፈልጋል። በየዓመቱ ከ81ዱ 12ቱ ለቋሚዎቹ ሲወጡ 69 ይቀራሉ፤ በአራት ዓመት 276 ነው። ስድስት ጨዋታ ይጎድላል። ቋሚዎቹ ጥንዶች 9 ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ቢሆኑ ኖሮ የሚያስፈልገውም የሚገኘውም 288 ሆኖ በአራት ዓመት ልክ ይገጥም ነበር። አዮዋን ለብቻው ብንወስደው ደግሞ ቋሚ ያልሆኑ 14 ተጋጣሚዎች አሉት፤ 28 ጨዋታ ያስፈልገዋል፤ በዓመት የሚተርፈው ስድስት ቦታ ስለሆነ አራት ዓመት 24 ብቻ ይሰጠዋል። ስለዚህ የጎረቤት ፍቅር የበዛባቸው የመካከለኛው ምዕራብ ዩኒቨርስቲዎች ሦስት ተጨማሪ ጥንዶች ዙሩን ከአንድ ተማሪ ዘመን በላይ አስረዝመውታል። ይህን ስንል ቋሚዎቹ ግጥሚያዎች መጥፋት ነበረባቸው ማለታችን አይደለም፤ የአዮዋና የሚኒሶታ ተማሪ ከሩቁ ሎስ አንጀለስ ይልቅ ጎረቤቱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ዋጋው ግን የአዮዋ ብቻ አይደለም፤ አዮዋ ያልሄደበት ሜዳ ተማሪም ይከፍላል።

የዋንጫውም ጥያቄ አልተፈታም። በ2024 ፔን ስቴትና ኢንዲያና ሁለቱም ከዘጠኙ ስምንቱን አሸንፈው በኦሃዮ ስቴት ብቻ ተሸነፉ፤ እርስ በርስ አልተገናኙም። ለፍጻሜው ኦሬገንን የገጠመው ፔን ስቴት ሲሆን 45 ለ 37 ተሸንፏል። ኢንዲያና የቀለሉ ተጋጣሚዎች ደርሰውታል ተብሎ ብዙ ተወራበት፤ ተጋጣሚዎቹን ግን የመረጠው ኢንዲያና አልነበረም፤ እቅዱ የወጣው ከዓመት በፊት ነበር። ዘጠኝ ጎዶሎ ቁጥር በመሆኑም በየዓመቱ ግማሾቹ አምስት ጊዜ፣ ግማሾቹ አራት ጊዜ ብቻ በሜዳቸው ይጫወታሉ። ከራትገርስ እስከ ሎስ አንጀለስ ያለው ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞና ከትምህርት የሚወስደው ጊዜ በሠንጠረዡ ላይ አይጻፍም።

የደቡብ ምሥራቁ ማኅበር ደግሞ ኦክላሆማንና ቴክሳስን በ2024 ተቀብሎ 16 ከሆነና ምድቡን ከተወ በኋላ ከ2026 ጀምሮ ዘጠኝ ጨዋታ እንዲደረግ በ2025 ወሰነ። ለእያንዳንዱ ሦስት ቋሚ ተጋጣሚዎች ተሰጡት፤ የቀሩት 12 በየዓመቱ ስድስት ስድስት እየሆኑ ይመጣሉ። በሁለት ዓመት ሁሉም ይገናኛሉ፤ በአራት ዓመት በሁለቱም ሜዳ ይገናኛሉ፤ ትርፍም ጉድለትም የለም። ቋሚዎቹ ተጋጣሚዎች እነማን ይሁኑ የሚለውም በየአራት ዓመቱ እንደገና እንዲመረመር ተወስኗል።